ስድስተኛው ድርሻ

አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ የሚባለውን ቁጥር እንደ ጎረቤት አውቀዋለሁ። ጠባዩን፣ አመሉን፣ እንዴት አድርጎ ሰው እንደሚያታልል አውቃለሁ። ቁጥር ሲነሳ ፊታቸው የሚጨልም ሰዎች መኖራቸውንም አልረሳሁም፤ እነሱም ቢሆኑ አይሽሹ። እዚህ ውስጥ ከማካፈል የከበደ ነገር የለም። ማካፈል ደግሞ ሙዝ የተካፈለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በደርግ ጊዜ ነው። አርባ ምንጭ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነበረች፣ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ታችኛው ከተማ ሲቀላ ስለሆነ፣ በየቀኑ ጠዋት ትምህርት ቤታችን ወዳለበት ወደ ላይኛው ሴቻ ዳገቱን ከጓደኛዬ ጋር እንወጣ ነበር። ጓደኛዬ ደጋው ላይ ያለ የኦቾሎ መንደር ልጅ ነች። እዚያ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ አባቷ ከእናቴ ጋር ተነጋግረው እኛ ቤት አስቀመጧት። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። እኔ ለፍላፊ ነኝ፣ እሷ ዝምተኛ፤ እኔ ሳልጠየቅ እመልሳለሁ፣ እሷ ተጠይቃም ታስባለች። እናቴ «ሁለታችሁን አንድ ላይ ቢያቦኩ አንድ ደህና ሰው ይወጣችኋል» ትለን ነበር።

የሒሳብ አስተማሪያችን ከሰሜን ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው። የአርባ ምንጭን ሙቀት ጨርሶ አልለመዱትም። ላባቸውን በጠመኔ እጃቸው ሲጠርጉ ግንባራቸው ነጭ ይሆንና እኛ እንስቅባቸዋለን። አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ የሒሳብ ክበብ በሚሰበሰብበት ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳው ላይ 1,000,009 ብለው ጻፉ።

«ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም?» አሉን።

ብቸኛ ቁጥር ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም ቁጥር ያለቀሪ የማይካፈል ነው፤ እንደ ሰባት፣ እንደ አሥራ ሦስት።

«እርስዎ መልሱን ያውቁታል ቲቸር?» አልኳቸው።

«አላውቀውም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አስተማሪ አላውቅም ሲል ሰምተን አናውቅማ! እሳቸው ግን ቅር አላላቸውም። «የሚነግረኝ ሰው ልከራከረው በማልችለው መንገድ ይንገረኝ» ብለው ጠመኔውን አስቀመጡ። እኔ እዚያው ልቤ ተነሳ። ይህን ቁጥር ሳልረታ አልተኛም አልኩ። ተኛሁ እርግጥ፣ ግን ነገሩ ከእጄ አልወጣም።

ቁጥሩ እንዲህ በቀላሉ የሚረታ አልነበረም። መጨረሻው ዘጠኝ ስለሆነ በሁለትም በአምስትም አይካፈልም። አኃዞቹ ተደምረው አሥር ስለሚሆኑ በሦስትም አይካፈልም። ከዚያ በኋላ ጉልበት ነው የሚጠይቀው። ደግነቱ ከአንድ ሺህ በላይ መሞከር አያስፈልግም። ሺህ በሺህ ሲባዛ ሚሊዮን ነውና፣ ቁጥራችን የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ከሁለቱ ትንሹ ከሺህ ሊበልጥ አይችልም። ከሺህ በታች ካሉትም ብቸኞቹን ብቻ መሞከር ይበቃል፤ በስድስት የሚካፈል ነገር በሁለት መካፈሉ መቼ ይቀራል? ከሺህ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው። እኛ ደግሞ አሥራ አራት ነበርን። ሲካፈል ለእያንዳንዳችን አሥራ ሁለት ደረሰን፣ ቀሪም አልነበረው። ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ቆጠርኩት።

አከፋፈሉን ማንም አላስተማረንም። ከክበቡ ልጆች አብዛኞቹ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የላንቴና የደጋው ገበሬ ልጆች ስለሆኑ ደቦ የሚያውቁት ነገር ነው። ማሳው በትልም ይከፈላል፣ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይወርዳል። ደቦው ደግሞ ወግ አለው። ከሠራተኞቹ አንዱ ቤት ሐዘን ከገባ ድርሻውን ሌሎቹ ይሠሩለታል፤ ግን ማን እንደሠራለት አይነገረውም። እኔ ነኝ የሠራሁልህ ያለ ሰው ውለታ አስቆጠረ ተብሎ ይታማል። ሐዘንተኛውን ስለ ሥራው ማንሳት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው። ይህን ወግ እዚህ ላይ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ ጉድ የሠራን እሱ ነው።

ለጓደኛዬ ስድስተኛው ድርሻ ደረሳት፤ ከ283 እስከ 359 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች። ገና ሳትጀምረው አባቷ ሞቱ።

መርዶውን ይዘው የመጡት ሙዝ ሊጭኑ የወረዱ የአገሯ ሰዎች ነበሩ። የክበቡ ልጆች ከእናቴ ጋር ሆነን እስከ ላንቴ በጭነት መኪና ሄድን፣ ከዚያ በእግር ወደ ላይ። ኦቾሎ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ መንደር ነው፤ ከግቢያቸው ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ቀይ የአባያ ውኃ ከእግርዎ ሥር የተኛ ይመስላል። አባቷ ሸማኔ ነበሩ። የሽመና ዕቃቸው ላይ ግማሹ ያለቀ ቡሉኮ እንደተወጠረ ቀርቶ ነበር። ጓደኛዬ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር ያገኘኋት። ስታየኝ አላለቀሰችም፤ እጄን ያዘችና አልለቀቀችም። እኔ ግን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ለቅሶው በረድ ሲል አጎቷ እናቴን ወደ ጎን ወሰዷት። እኔም ተከትዬ ቆምኩ። እሳቸውም ሸማኔ ናቸው፤ ብዙ ዓመት አዲስ አበባ ሸምነው ስለተመለሱ አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ፣ ብቻ ለወንዱም ለሴቱም «አንተ» ነው የሚሉት።

«ልጁ አይመለስም» አሉ፤ የወንድማቸውን ልጅ፣ ጓደኛዬን ማለታቸው ነው። «ወንድሞቹ ትንንሽ ናቸው። እኔ እሸምናለሁ፣ ግን ማን ይፈትላል? እናቱ አንድ ሰው ነው።»

«ጎበዝ ተማሪ ነች እኮ ጋሼ» አልኩ ሳልጠየቅ።

«ይሁን። ትምህርት ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። አንድ ሰው ቢጎድል ቦታው ይሞላል» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም። ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። እኔ ግን በንዴት ጦፍኩ፤ መንገዱን ሙሉ እስከ ላንቴ ድረስ ድንጋይ እየረገጥኩ ወረድኩ። ያ ሁሉ ጭንቅላት ጥጥ ሲፈትል ሊቀር ነው! ትመለሳለች ብዬ ለእናቴ ማልኩላት። እንዴት እንደምትመለስ ግን አላውቅም ነበር።

ማካፈሉ ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን፣ በላብ እየረጠብን፣ አንዱ የሌላውን እያረመ አካፈልን። ሁሉም ቀሪ አላቸው። አንዳንዱ ቀሪው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይሆንና ልባችንን ያቆመው ነበር። አሥራ ሦስቱ ድርሻዎች ሲያልቁ ተሰብስበን ተቀመጥን።

«ስድስተኛውስ?» አሉ አስተማሪያችን።

«ተሠርቷል ቲቸር» አለ አንድ የላንቴ ልጅ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ። ሌሎቹም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እኔ ራሴ ልሠራው አስቤ ነበር፤ የላንቴው ልጅ እንዲያ ሲያቀረቅር ግን የሠራው እሱ መሰለኝና ሳልነካው ተውኩት። እሱ ደግሞ፣ ኋላ እንደነገረኝ፣ እኔ ለወትሮዬ የማላውቀውን ዝምታ ዝም ስል የሠራሁት እኔ መስዬው ነበር። ሌሎቹም እንዲሁ። አስተማሪያችን የአገሩን ወግ አያውቁም፤ እኛ ደግሞ ማን ሠራው ብለን ልንጠይቅ ነው? ሞተን ነው!

ስለዚህ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ ብቸኛ ቁጥር ሆነ።

ወሬውን የትምህርት ቤቱ የወጣት ማኅበር ኃላፊ ሰማ። አጭር ደልዳላ ወጣት ነው፤ ድምፁ ከቁመቱ ይበልጣል። እስከዚያ ቀን ድረስ ክበባችንን በጥርጣሬ ነበር የሚያየው፣ ያለ መፈክር የሚሰበሰብ ሰው ስለማይጥመው። አሁን ግን እየሮጠ መጣ።

«በምንም አይከፋፈልም ነው የምትሉኝ?»

«በምንም» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ለወላጆች በዓል የሚሰቀል ቀይ ጨርቅ አዘዘ። በትልልቅ ቢጫ ፊደል «1,000,009፦ እንደ አንድነታችን የማይከፋፈል!» ተብሎ ተጻፈበት። በበዓሉ ከክፍለ ሀገሩ እንግዶች ይመጣሉ። እኔም ያኔ ሐሳብ መጣልኝ። ጓደኛዬ የክበቡ አባል ስለሆነች መድረክ ላይ መቆም አለባት፤ አጎቷም ወላጅ ናቸውና ይጠሩ። የተከበረች መሆኗን በዓይናቸው ካዩ ልባቸው ይራራ ይሆናል። እናቴን አስፈቅጄ በማግስቱ ወደ ኦቾሎ ወጣሁ።

ስደርስ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ትፈትላለች። አጎቷ ጥላው ሥር ይሸምናሉ። ኩርኩፋ አቀረበችልኝ፤ በሽፈራው ቅጠል የተሠራ የበቆሎ ምግብ ነው፣ እሷ ስትሠራው እወዳለሁ። አፌን ሞልቼ የምሥራቹን ነገርኳት። ብቸኛ ነው፣ ጨርቅ ተጽፎለታል፣ መድረክ ላይ ትቆሚያለሽ፣ አልኩ። እንዝርቱ መሽከርከሩን አቆመ።

«ይካፈላል» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ቁጥሩ። በ293 ይካፈላል።»

መጀመሪያ ያሰብኩት ሐዘኑ እንደጎዳት ነበር። «ማን አካፈለው?» አልኳት።

«እኔ ነኛ። ድርሻዬ አይደል?»

«ምን ላይ ጽፈሽ?»

«ምንም ላይ። እየፈተልኩ በጭንቅላቴ።» ቀና ብላ አላየችኝም። «እናቴ ታለቅሳለች፣ ወንድሞቼ ይጮኻሉ። እኔ ሳካፍል ለትንሽ ጊዜ ሁሉም ነገር ጸጥ ይልልኛል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሠራሁት። በ293 ስደርስ ምንም አልቀረኝም።»

«ታዲያ ለምን መልእክት አልላክሽም!» ብዬ ጮህኩባት።

«እናንተ ድርሻዬን እንደምትሠሩልኝ አውቃለሁ። ይካፈላል ካላላችሁ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ጭንቅላቴ ሐዘን ላይ ነው አልኩ።»

በንዴቴ ሳህኑን አስቀምጬ ተነሳሁ። «በይ አሁን እየነገርሽኝ እንሥራው» አልኳት።

«293ን ሦስት ሺህ ጊዜ ውሰጂ።»

«ስምንት መቶ ሰባ ዘጠኝ ሺህ።»

«ከቁጥራችን ላይ ምን ይተርፋል?»

«መቶ ሃያ አንድ ሺህ ዘጠኝ።»

«አራት መቶ ጊዜ ደግሞ ውሰጂ።»

«መቶ አሥራ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ። የሚተርፈው... ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠኝ።»

«አሥራ ሦስት ጊዜስ ስንት ነው?»

በጣቴ አፈሩ ላይ ጻፍኩት። አሥር ጊዜ 2,930፣ ሦስት ጊዜ 879። ደመርኩት። 3,809። ምንም አልተረፈም። ደግሜ ሠራሁት፣ አሁንም ምንም የለም። አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ ማለት 293 ሲባዛ በ3,413 ነው፤ ዛሬም ቢሠሩት ያው ነው።

እዚያው አፈሩ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩና ሳቅሁ። ስለዚያ ቀይ ጨርቅ አስቤ ሳቅሁ፣ ስለላንቴው ልጅ አስቤ ሳቅሁ። እሷም ከአባቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። የሐዘን ቤት መሆኑን አስታውሰን አፋችንን ብንይዝም ሊቆምልን አልቻለም።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሒሳብ ስማር፣ ያ ሁሉ ድካም እንደማያስፈልግ ደረስኩበት። ይህ ቁጥር የ1,000 ካሬና የ3 ካሬ ድምር ነው፤ ያንን ማንም ያየዋል። ግን የ972 ካሬና የ235 ካሬ ድምርም ነው። አንድ ቁጥር እንዲህ በሁለት የተለያየ መንገድ የሁለት ካሬዎች ድምር ሆኖ ከተገኘ ብቸኛ ሊሆን አይችልም። ከኛ በፊትም ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት ይህንኑ ቁጥር ብቸኛ ነው ብለው ተሳስተዋል። ይህን ሳነብ እንደ ዘመድ ነው የቆጠርኳቸው። አቋራጩን ያን ጊዜ ባለማወቃችን ግን ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ብናውቀው ኖሮ ስድስተኛ ድርሻ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ሳቃችንን የሰሙት አጎቷ መወርወሪያቸውን አስቀምጠው መጡ። «ምን ተገኘ?» አሉ።

ጓደኛዬ በጋሞኛ አስረዳቻቸው። በክር ያስረዳቻቸው ይመስለኛል፣ እጇን እየዘረጋች ነበርና። አንድ ሚሊዮን ከዘጠኝ ክር ቢኖር፣ በ293 ረድፍ አንዲት ክር ሳትተርፍ እኩል እኩል ይደረደራል፤ ሌሎቹ ልጆች የሞከሩት ሁሉ ግን ትርፍ ነበረው። አጎቷ ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አሥራ አራት ነበራችሁ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ይሄ የሱ ድርሻ ነው?»

«የሷ ነው።»

«እሱ ወደዚህ ከመጣ በኋላ ማን ሠራለት?»

አየኋቸው። ሸማኔ ቢሆኑም የደቦን ወግ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፣ የማይጠየቅ ነገር እንደጠየቁም ያውቃሉ። እውነቱን ነገርኳቸው።

«ማንም ጋሼ። እያንዳንዳችን ሌላው ሠርቶታል ብለን ቦታው ባዶውን ቀረ።»

ወደ ሽመናቸው ተመለሱና እግራቸውን ከሽመናው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ጨምረው ተቀመጡ፤ ግን መሸመን አልጀመሩም። ለመሄድ ስነሳ ነው የተናገሩት። «ይዤው እመጣለሁ። ለአንድ ቀን ነው። ከዚያ ይመለሳል።»

አርባ ምንጭ ስደርስ በቀጥታ አስተማሪያችን ዘንድ ሄድኩ። በቆሙበት አካፈሉት፣ ደግመው አካፈሉት፣ ከዚያ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ወዲያው ግን ጨርቁ ትዝ አላቸውና ፊታቸው ተለወጠ። በዚያ ዘመን ስለ አንድነት በተጻፈ ቀይ ጨርቅ ላይ «ይህ ስህተት ነው» ማለት የሚያስደስት ሥራ አልነበረም፤ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ይጠየቅ ነበር። ቢሆንም ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው።

«ጓድ፣ ቁጥሩ ይካፈላል» አሉት።

«እንዴት ይካፈላል? ጨርቁ እኮ ተሰቅሏል!»

«ተሰቅሎም ይካፈላል።»

ኃላፊው ግራ ገባው። ሌላ የማይካፈል ቁጥር በአስቸኳይ እንድናቀርብ አዘዘ። ለሱ ደግሞ እንደገና መቶ ስልሳ ስምንቱን መሞከር እንደሚያስፈልግ ነገርኩት። ጨርቁን ትኩር ብሎ አየው። መቼም ያ ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ በማግስቱ የድሮው ጽሑፍ በቀይ ቀለም ተሸፍኖ በላዩ «1,000,009 = 293 × 3,413፦ ለጋራ ትግል የማይበገር የለም!» የሚል ተጽፎበት አገኘነው። ከሥሩ የቀረው «የማይከፋፈል» የሚለው ቃል በቀለሙ ውስጥ ትንሽ ይታይ ነበር። አስተማሪያችን አይተውት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ግንባራቸውን ጠረጉ።

በበዓሉ ቀን ጓደኛዬ የሐዘን ልብሷን እንደለበሰች መድረክ ላይ ወጣች። ጠመኔ ያዘች። ስትጀምር ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ አራት መቶ ጊዜ የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ጸጥታው ራሱ ይሰማ ነበር። አሥራ ሦስት ጊዜ ብላ ከሥሩ ዜሮን ስትጽፍ እኔ ከሁሉ ቀድሜ አጨበጨብኩ። የወጣት ማኅበሩ ኃላፊ ወጥቶ ስለ ጋራ ሥራ ረጅም ንግግር አደረገ፣ እንግዶቹም ረኩ። እኔ የምመለከተው አጎቷን ነበር። ከኋላ፣ ዛፉ ሥር ቆመዋል፤ ወደ ገበያ የሚወስዱት የመሰለኝን ትልቅ ጥቅል ከጀርባቸው አላወረዱም። ሁሉም ሲያጨበጭብ እሳቸው አላጨበጨቡም።

ከበዓሉ በኋላ ቤታችን መጥተው ምሳ በሉ። እናቴ ነገሩን ለማንሳት ፈልጋ ሁለት ሦስት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እሳቸው ግን ቀና ሳይሉ ይበላሉ። ጓደኛዬ ለመሄድ ነጠላዋን አጣጥፋ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች። በልተው ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው ጥቅሉን ፈቱት። ቡሉኮ ነበር፤ ወፍራም፣ አዲስ፣ ከአራት እጥፍ የተሠራ። አንስተው የእኔና የእሷ አልጋ ላይ አስቀመጡት።

«ማታ ይበርደዋል» አሉ።

ያለነው ሲቀላ ነው። ሙቀቱ አላስተኛ እያለን ግቢ ውስጥ ሰሌን አንጥፈን የምንተኛ ሰዎች ነን። እናቴ ግን ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ፣ «እውነትዎን ነው፣ ይበርዳታል» አለች።

ጓደኛዬ ነጠላዋን አስቀመጠች። ቡሉኮውን ዘርግታ በጣቷ ዳበሰችው። መሃሉ ላይ ሽመናው ይለወጣል፤ እስከዚያ ድረስ የአንድ ሰው እጅ ነው፣ ለስላሳና ላላ ያለ፤ ከዚያ ወዲያ ጠበቅ ያለ የሌላ ሰው እጅ ነው። ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አጎቷን አየቻቸው። እሳቸው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ያጠብቁ ነበር። ማን እንደጨረሰው አልጠየቀቻቸውም፤ እሳቸውም አልነገሯትም።